ቤታችን ያረፈችው በጎ ፈቃደኛ ከእራት በኋላ በሯን ትቆልፋለች፣ እማዬ ከፍቷታል። ምን እናድርግ? (ጅማ)

የሄርማታ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። በናታችሁ ልምዱ ያላችሁ እርዱኝ፣ ነገሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል ግን ቤታችን ውስጥ ሰላም ነስቶናል።

እኛ ጅማ ነን። አንድ ድርጅት ከውጭ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞችን መጀመሪያ ቤተሰብ ጋር ያስቀምጣቸዋል፣ እንግሊዝኛ ልታስተምር የመጣች አሜሪካዊት ልጅ እኛ ጋር ከገባች ዛሬ 19 ቀኗ ነው። ሶስት ወር እኛ ጋር ሆና ቋንቋ ትማራለች ት/ቤትም እየሄደች ትለማመዳለች፣ ከዛ ቤት ተከራይታ ሁለት አመት ታገለግላለች ነው የተባልነው። ሳትመጣ በፊት ሰዎች መጥተው ቤቱን አይተውት ነበር፣ ክፍሏ የራሱ ቁልፍ ይኑረው፣ አጎበር ይሰቀል፣ የምትጠጣው ውሃ ይፈላ፣ ሞተር ላይ እንዳትወጣ ምናምን አሉን፣ ያሉትን ሁሉ አደረግን። የኔን ክፍል ነው የለቀቅኩላት፣ አሁን ከእማዬ ጋር ነው የምተኛው፣ እሱ አልከፋኝም ደስ እያለኝ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እማዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ጨጨብሳ ትሰራላታለች፣ ለእራት ደግሞ እኛ ለበዓል የምንበላውን ነው የምታቀርብላት፣ ልጅቷ ግን ትንሽ ቀማምሳ በቃኝ ትላለች። እማዬ ብዪ እንጂ የኔ ልጅ ብላ ትጨምርባታለች፣ ልጅቷ ፊቷ እየቀላ እንደምንም ትውጣለች፣ እማዬ ደሞ ሳህኑ ሲጎድል ስታይ በላችልኝ ብላ እንደገና ትጨምራለች። ከዛ ልጅቷ ትነሳና ደህና እደሩ ብላ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ቁልፉ ሁለቴ ይዞራል። ቀጭ ቀጭ። እማዬ ያንን ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇ ላይ ያለውን ነገር ታስቀምጣለች። ትናንት "ምን አይታብን ነው የምትቆልፍብን፣ ሌባ ነን እንዴ" ብላ አለቀሰች።

እሁድ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ሊያያት ተጠርቶ ቡና ተፈላ፣ ልጅቷ አቦሉን ጠጥታ ቶናው ሳይቀዳ አመሰግናለሁ ብላ ተነስታ ገባች። ጎረቤቶቹ ተያዩ። ሰኞ እለት ደሞ እማዬ ልታስደስታት ብላ እሷ በሌለችበት ልብሷን ሰብስባ አጠበችላት፣ የውስጥ ልብሷንም ጭምር፣ ስትመጣ ግቢው ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየችው፣ ምንም አልተናገረችም ግን አይኗ እምባ አቀረረ። አጥፍተናል መሰለኝ ግን ምኑ ጋር እንዳጠፋን ቁርጥ አድርጎ የሚነግረን አጣን። ድርጅቱ ጋር ብንደውልም "ትለምዳለች" ነው መልሱ። ጎረቤት ደሞ ዶላር ይከፈላቸዋል እያለ ያወራል፣ የሚሰጡን እኮ ለምግቧና ለመብራት የምትሆን ናት።

እማዬ "ካልወደደችን ሌላ ቤት ይፈልጉላት" ማለት ጀምራለች። እኔ ልጅቷን እወዳታለሁ፣ እንድትሄድ አልፈልግም። ምን ትሉኛላችሁ?


ቡና_በረንዳ፦

እህቴ አይዞሽ፣ እኛም ቤት በተለያየ ጊዜ ሁለት አርፈውብን ነበር፣ የመጀመሪያው ጊዜ ልክ እንዳንቺ ነው የተጨነቅነው።

ከቁልፉ ልጀምርልሽ። ቆልፉ ተብለው ነው የሚቆልፉት። ስልጠና ላይ ማታ ስትተኙ በራችሁን ቆልፉ ይባላሉ፣ የትም አገር ይሂዱ የሚነገራቸው ነው፣ እናንተን አይታ አይደለም። የኛው ልጅ ራሱ ነው ኋላ የነገረን፣ እናንተም ክፍሉ ቁልፍ ይኑረው የተባላችሁት ለዚሁ ነው።

ልብሱን ግን አዎ አጥፍታችኋል፣ ለክፋት ባይሆንም። ሌላው ልብስ ግድ የለም የውስጥ ልብስን ግን እኛስ ብንሆን ሰው ያጥብልን እንላለን እንዴ? ሳፋና ሳሙና ስጧት፣ ውሃው የሚመጣበትን ቀን ንገሯት፣ በቃ። የኛዋ በመጀመሪያው ቀን በእጇ ስታጥብ ቆዳዋ ተልጦ ነበር፣ በእጅ አጥባ አታውቅማ፣ እናቴ ጎንበስ ብላ እንዴት እንደሚታሸት አሳየቻት ከዛ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ነበር የሚያጥቡት።

ምግብ ላይ ደሞ ቅቤና በርበሬውን ቀንሱላት፣ ሆዷ ገና አልለመደም። ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይበቃል፣ ሶስት ደቂቃ የሚባለው ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ደጋ ነው ጅማ ደሞ ወደ 1,780 ነው፣ ስለዚህ ከሰሉን አትጨርሱ። ሰላጣና ቲማቲም ጥሬውን ለጊዜው ተዉት። አቮካዶና ሙዝ ልጣጭ ስላለው አያስፈራም፣ እኛ አገር ደሞ በሽ ነው፣ ጠዋት አቮካዶ በዳቦ ስጧትና እዩ።


አቦ_ቀጥታ፦

እኔ ግን ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ልማርና ላገልግል ብላ በፈቃዷ የመጣች ልጅ ናት፣ ወደ ሰው አገር የሄደ ነው የሰው አገር ወግ የሚማረው። የእናትሽ እንባ ነው እኔን ያሳዘነኝ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው እንዴት አመሰግናለሁ አይባልም? እኛ ለፈረንጅ ሲሆን ክፍል እንለቃለን ለገጠር ዘመዳችን ግን መሬት እናነጥፋለን። ንገሯት፣ በግልፅ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯት።


የሄርማታ_ልጅ፦

@ቡና_በረንዳ እግዜር ይስጥልኝ፣ የቁልፉን ነገር ለእማዬ ነገርኳት ትንሽ ቀለል አላት። ስለ ልብሱም ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

@አቦ_ቀጥታ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁስ ትላለች በየደቂቃው ነው የምትለው፣ እንደውም እማዬ "ቤተሰብ ምን ያመሰጋግነዋል" እያለች እሱም ያስከፋታል። ቁጭ አድርጎ መንገሩ ነው ያቃተን፣ ያስተማሯት ኦሮምኛ ነው፣ እማዬ ደሞ እንደምታውቁት የጅማ ሰው ናት፣ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፣ ልጅቷ መሀል ላይ ትጠፋለች።


የቋንቋ_መምህር_ነበርኩ፦

ሰላም። እኔ ለብዙ አመት በጎ ፈቃደኞችን ቋንቋ አስተምሬያለሁ፣ ኦሮምኛም አማርኛም። ጽሁፍሽን ሳነብ ያስተማርኳቸው ልጆች ፊት ነው የመጣብኝ።

አንድ ነገር ላስቆጥርሽ። ነገ ጠዋት ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ሳታይሽ ከኋላዋ ተከተያትና በመርካቶ በኩል እስከምትማርበት ድረስ ስንት ሰው እንደሚጠራት ቁጠሪ። ፈረንጅ፣ ፈረንጅ፣ ዩ ዩ፣ መኒ መኒ፣ የባጃጁ ልጅ ያፏጫል፣ ህፃናቱ እጇን ይዘው ይሮጣሉ፣ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ዞሮ ያያታል። አብዛኛው በክፋት እንዳልሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ግን አስቢው፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ደቂቃ የሰው አይን ያልተለየው ሰው፣ ከዛ አራት ሰዓት ሙሉ የማያውቀውን ቋንቋ ሲማር የዋለ፣ ከሰዓት ደግሞ 60 ተማሪ ፊት የቆመ ሰው፣ ማታ ቤት ሲገባ ጭንቅላቱ ባዶ ነው የሚሆነው። እዛች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ማንም የማያያት። እኔ ተማሪዎቼን ማታ ምን ታደርጋላችሁ ስላቸው አብዛኞቹ "ግድግዳ አያለሁ" ነበር የሚሉኝ። አንዷ ደሞ እናቷ የላከችላትን መልእክት ደጋግማ እንደምታነብ ነገረችኝ።

ቡናውንም በዚሁ እዪው። አቦል ቶና በረካ እንዳለ አስተምረናት ይሆናል ግን በወረቀት የተማረ ሰው ሶስተኛው ሳይጠጣ መነሳት ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። የሷ አገር ቡና አንድ ሲኒ ነው፣ ከጠጡ ያልቃል። "ሶስት ነው፣ ሶስቱንም ከኛ ጋር ቁጭ በይ፣ ሳትጠጪም ቢሆን" በሏት፣ ትቀመጣለች። ደሞ ጎረቤት እንዲያያት አትጥሩ በናታችሁ። ሁለት ሰው ይበቃል።

ቋንቋውን በተመለከተ እናትሽን አትቀይሪያት፣ ጅማ እንደዛ ነው የሚወራው፣ ልጅቷም መልመድ አለባት። ግን ለጊዜው እናትሽ አምስት ስድስት ቃል በኦሮምኛ ብቻ ትበላት፣ ኮቱ፣ ታኢ፣ ኛዹ፣ ልጅቷ ደሞ ቁፌራ ስትል ጠግቤያለሁ ማለቷ ነውና እናትሽ እሺ ትበላት። ሰዓት ስትቀጥሯትም ሁሌ ጠዋት ወይ ማታ ብላችሁ ጨምሩ፣ የነሱና የኛ ሰዓት በስድስት ይለያያል፣ አንዱ ተማሪዬ "ሶስት ሰዓት ላይ ና" ተብሎ ጠዋት ሲጠበቅ ከምሳ በኋላ ነው የደረሰው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቁርስ ሳይበላ ሲጠብቀው አረፈደ።


ከጅሬን_እስከ_ጀርመን፦

የኔ እህት፣ ኮሜንት የመፃፍ ልምድ የለኝም ግን ይሄን ሳነብ ማለፍ አቃተኝ፣ እኔ ያቺን ልጅ ሆኜ አውቃለሁ።

ጅማ ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስራ ሳጣ ጀርመን አገር ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት አመለከትኩ። እነሱ ጋር የፌደራል በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የግዴታ ውትድርናውን ሲያቆሙ የጀመሩት ነው፣ የሚያገለግሉትን ቡፍዲ ይሏቸዋል። ብዙውን ጊዜ 12 ወር ነው፣ ደሞዝ የለውም፣ የኪስ ገንዘብና ኢንሹራንስ አለው፣ በአመት ውስጥ ደሞ 25 ቀን ሴሚናር ትቀመጫለሽ። እኔ የተመደብኩት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነበር፣ የምኖረው ግን ከአንድ ቤተሰብ ጋር፣ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር።

የመጀመሪያ ቀን ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እራት ብለው ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዳቦ አለ፣ አይብ አለ፣ ዱባ የመሰለ ኮምጣጣ ነገር በጠርሙስ አለ። ትኩስ ነገር የለም። ወጡ እስኪመጣ ብዬ ጠበቅኩ፣ ለካ እራቱ እሱ ነው። ሴትዮዋ ትጨምሪያለሽ ወይ አለችኝ፣ እኔ በጅማ ወግ አይ በቃኝ አመሰግናለሁ አልኩ፣ ሶስቴ እንድትለምነኝ ነው የጠበቅኩት፣ ያው እናቶቻችን እንደሚያደርጉት። እሺ አለችና ሳህኑን አነሳችው! አይኔ ሳህኑን ተከትሎ ኩሽና ድረስ ሄደ። ክፍሌ ገብቼ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ በጨለማ እየቆረጠምኩ አለቀስኩ። እንዲህ እያልኩ ሶስት ሳምንት ሆነኝ፣ በየማታው ትጠይቀኛለች፣ በየማታው በቃኝ እላለሁ፣ በየማታው ታነሳዋለች። ዳቦ ቆሎው አለቀ። ስስታሞች ናቸው ብዬ ደመደምኩ፣ ለእናቴ ደሞ በስልክ በደንብ እየበላሁ ነው እላታለሁ።

በሩስ? እነሱ ቤት ሁሉም የራሱን በር ይዘጋል። ልጆቹ ጭምር። እኔ ግን አልዘጋም ነበር፣ ቤተሰብ ጋር ሆኜ እንዴት እዘጋለሁ ብዬ ክፍት አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ማንም አልፎ ብቅ አይልም። አንድ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ሆነን ብቻዬን የሆንኩ መሰለኝ። ኋላ ላይ ስንጫወት ሴትዮዋ ምን አለችኝ መሰለሽ፣ "በርሽን ሁሌ ክፍት ስታደርጊ የሆነ ነገር ፈልገሽ መናገር ያፈርሽ መስሎኝ እጨነቅ ነበር" አለችኝ። እሷ በኔ ክፍት በር ስትጨነቅ እኔ በሷ ዝግ በር ሳለቅስ ነው ያ ሁሉ ጊዜ ያለፈው።

የተፈታው ሴሚናር ላይ ነው። ከጋና፣ ከቦሊቪያ፣ ከህንድ የመጡ ልጆች ነበሩ፣ አንዱ ልጅ እራት ላይ ሁሌ እንደሚርበው ሲናገር ግማሹ ክፍል እኔም እኔም አለ። አስተባባሪዋ "አይ ስትሉ እነሱ አይ ነው የሚሰሙት፣ ሁለተኛ መጠየቅ እነሱ ዘንድ ሰውን ማስገደድ ነው፣ ነውር ነው" አለችን። ቤት ተመልሼ ከመዝገበ ቃላት ቃል እየለቀምኩ ነገርኳት፣ እኔ አገር የመጀመሪያው አይ የትህትና ነው አልኳት። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሶስት ሳምንት ሙሉ ርቦሽ ነው የተኛሽው?" አለችና ተነስታ በምሽት ድንች ቀቀለችልኝ፣ ባሏ ፒጃማ ለብሶ ወጥቶ ሽንኩርት ሲከትፍ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደናንተ ቤት ነይ። ያቺ ልጅ በቃኝ ስትል እውነቷን ነው፣ እናትሽ ግን የትህትና መስሏት ትጨምራለች፣ ልጅቷ ደግሞ ቃሌን አልሰማችኝም ብላ ትጨነቃለች፣ እምቢ ማለት ስለማትችል ትውጣለች፣ ከዛ ሆዷን ይዛ ወደ ክፍሏ ነው የምትሮጠው። እኔ ላይ የደረሰው ተገልብጦ ነው እሷ ላይ የደረሰው። ማንም ማንንም አልጠላም እህቴ።

የምልሽ፣ ጭልፋውን ለሷ ስጧት። ራሷ ታውጣ፣ የፈለገችውን ያህል። እናትሽ አንዴ ትጠይቅ፣ በቃ አንዴ። ሁለተኛው ደግሞ ስራ ስጧት። እኔን ያቺ ቤት ውስጥ ሰው ያደረገኝ ድንች መላጥ ነው፣ አጠገባቸው ቆሜ እጄ ስራ ሲይዝ ቋንቋው ራሱ መጣ። እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ መቅረብ በጣም ይከብዳል፣ ሁሉም ያይሻል፣ እጅሽን የት እንደምታደርጊው አታውቂም።


የድሮ_ተማሪ፦

ልጆቼ ደህና ዋላችሁ። እኔ 70ን አልፌያለሁ፣ ጅማ ነው የተማርኩት፣ ያኔ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ። የሰላም ጓድ ወይም ፒስ ኮር የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. በ1962 ነው መጀመሪያ ኢትዮጵያ የገቡት፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባቋቋሙት በአመቱ ማለት ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በጣም ያነሰበት ጊዜ ስለነበር ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶች በአንድ ጊዜ ነው መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ የተበተኑት። እኔን ሂሳብ ያስተማረኝ ከነሱ በኋላ የመጣ ነው።

ያ መምህራችን የተከራየው አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ወንበር ከነጠረጴዛው ገዝታ ለብቻው ነበር ምግብ የምታቀርብለት፣ እሱ ደግሞ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይበላል፣ እኛ በአጥር አሾልቀን እናያለን። አንድ ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ሲል እሷ ደጃፍ ላይ ሰፌድ ይዛ ቡና ትለቅማለች፣ እሱም የኛን የጅማን ባለ ሶስት እግር ዱካ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና አብሯት መልቀም ጀመረ። የተሰበረውንና ደህናውን ፍሬ መለየት አያውቅም፣ እሷ እጁን ቸብ እያደረገች ታስጥለዋለች። ክረምቱ ሲወጣ ኦሮምኛ ይናገር ነበር፣ ከኛ ከከተማ ልጆቹ የአንዳንዶቻችንን ያህል። ድንች የላጠችው ልጅ ያለችውን ሳነብ ይሄ ትዝ ቢለኝ ነው የፃፍኩት። እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ የዋህ ሰው ናት።


የሄርማታ_ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ከ8 ቀን በኋላ ነው የምፅፈው ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነበር።

የጀርመኗን እህቴን ጽሁፍ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዳቦ ቆሎው ጋር ስደርስ "እረ የኔ ልጅ" ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፣ ጨርሼም ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዛ "ያቺም እኮ እናት አላት" አለችና ተነስታ ወጣች።

የዛኑ ማታ ጭልፋውን ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ ጭልፋውን ይዛ አንዴ እኔን አንዴ እማዬን ታያለች። ትንሽ አወጣች፣ በላች፣ ከዛ ማንም ሳይላት ድጋሚ አወጣች! በ27 ቀን የመጀመሪያዋ ነው። እማዬ አፏን ይዛ ነው የተቀመጠችው፣ ብዪ እንዳትል ጥርሷን ነክሳ።

ጠዋት ተከትያት ስንት ሰው እንደሚጠራት ቆጥሬያለሁ መምህር፣ ድልድዩ ጋ ሳልደርስ 34 ደረሰና ተውኩት። አንድ ልጅ ከኋላ ፀጉሯን ጎተታት፣ ዞራ እንኳን አላየችውም፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ መራመድ ብቻ። ማታ ለእማዬ ስነግራት ተናደደች፣ በማግስቱ ጠዋት እስከ አስፋልቱ ድረስ አብራት ወጣች፣ አሁን በየቀኑ ትሸኛታለች፣ እማዬ ካለች ማንም አይጣራም፣ ሰፈሩ ያውቃታላ።

የልብሱን ነገር ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ሳቀች፣ ከዛ ትንሽ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሳፋ ገዝተንላታል።

ሁሉም ተስተካክሏል አልላችሁም። ሀሙስ ገበያ ይዘናት ሄደን ሰው ከቧት ሳንገዛ ተመለስን። አክስቴ አሁንም ዶላሩን ትጠይቃለች። ቁልፉም አሁንም ይዞራል፣ ግን አሁን እማዬ ቀድማት ነው የምትናገረው፣ እራት ሲነሳ "ደክሞሻል፣ ግቢ፣ ረፍት አድርጊ" ትላታለች፣ በኦሮምኛ ብቻ፣ እስከመጨረሻው። ሁለት ቀን ደግሞ ገብታ ከቆየች በኋላ ተመልሳ ወጥታ ከኛ ጋር ሻይ ጠጥታለች።

አባቴ የድሮ ተማሪ፣ ሰላምታዎን አድርሻለሁ። ትናንት ዝናብ ነበር፣ ሁለቱም በር ላይ ሰፌድ ዘርግተው ቡና ይለቅሙ ነበር፣ እማዬ እጇን ቸብ እያደረገች ታስጥላታለች።

@ከጅሬን_እስከ_ጀርመን እማዬ ለእሁድ ቡና ጠርታሻለች፣ ሶስት ሰው ብቻ ነው የምትጠራው ብያታለሁ። ኢንቦክስ እዪ።